ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው መስመር

አመተ ጊዮርጊስ የሞተችው ቃሬዛ ላይ ነው። ጊዜው የካቲት ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። ምጥ ሲጠናባት ባሏ ደግሰው ወደ ላሊበላ ደወለ፤ «መኪና ተነሥቷል፣ ጠብቁ» ተባለ። ጠበቀ። ደም ሲፈሳትም ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ጎረቤቶቹ «እያየናት ልታልቅ ነው» ብለው አነሷት፤ ብልባላ ሳይደርሱ ከነጽንሷ አረፈች። አምቡላንሱ ያገኛቸው ሬሳ ተሸክመው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።

ሐዘኑን ወደ ፖሊስ ያመጣው አንድ ጥያቄ ነበር። ብልባላ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንድ አምቡላንስ ይቆማል፤ ደግሰው ቤት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። የመጣው ግን ከጋሸና የተነሣ መኪና ነበር። ለምን?

መኪናዎቹን የሚመድበው ኮምፒውተር ነው፤ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም የጻፈችው ደግሞ ማኅሌት የምትባል ወጣት ናት። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ላሊበላ ላይ የጥሪ ማእከል ከመክፈቱ በፊት አምቡላንስ የሚያገኘው ከሹፌሩ ጋር የሚተዋወቅ ሰው ነበር፤ ማንንም የማያውቅ ደሃ በቃሬዛው ይሄዳል። ማኅሌት ይህን ልትሽር ነው ሌት ተቀን የደከመችው። ስልክ ተቀባዩ የጠሪውን ቀበሌና የሕመሙን ዓይነት ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ላሊበላ፣ ብልባላና ጋሸና ከሚቆሙት ሦስት መኪናዎች ሥራ ያልያዘውንና ቶሎ የሚደርሰውን መርጦ ይልካል። ዘመድ አያውቅም፣ ፊት አያይም። አርሶ አደሩ እንዳይደናገር ብላ ሰዓቱን እንኳ በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ አድርጋ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ አስተካክላለች።

ወደዚህ ሥራ የጠሯት የማእከሉ ኃላፊ አቶ ቃለሕይወት ነበሩ። ካህኑ አባቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከሞቱባት በኋላ ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እስከ ጋሸና ድረስ የሸኟት እሳቸው። «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ በልቧ ግን አባቴ ማለቷ ነው።

ከወልድያ የተላከው መርማሪ ኢንስፔክተር ጥሩሰው ይባላል። ሰው ሲጠይቅ መልሱን በጆሮው እየሰማ ዓይኑን ከመላሹ እጅ የማይነቅል፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ ያነጋገረው ስልክ ተቀባዩን አረጋን ነበር። አረጋ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ከቢሮው ኮምፒውተር ፊት እንዳልተነሣ፣ የደግሰውን ጥሪ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ እንደመዘገበ፣ ማሽኑም ጋሸናን እንደመረጠለት ተናገረ። ለምን ጋሸና እንደሆነ አያውቅም፤ እሱ የሚያየው የተመረጠውን መኪና ብቻ ነው። የላሊበላው መኪና ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ወልድያ ወርዶ ነበር፤ ያ እውነት ሆኖ ተገኘ።

የብልባላው ሹፌር ሞላ ደግሞ መኪናው ጤነኛ እንደነበረ፣ ቀኑን ሙሉ ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ቆሞ እንደዋለ፣ ማንም እንዳልደወለለት ማለ። ኢንስፔክተሩ አልተከራከረውም። የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ ከአልጋው ጎማ ሥር አንድ ነገር ለቅሞ በወረቀት ጠቀለለና ኪሱ ከተተው።

አቶ ቃለሕይወት በጣም አዝነው ነበር። የዕለቱን መዝገብ ከአዲስ አበባ ከተላከላቸው ላፕቶፕ ራሳቸው አትመው ለኢንስፔክተሩ ሰጡት። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው መስመር «ብልባላ፤ ጥገና ላይ» ይላል፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ፣ ጸሐፊዋ ማኅሌት። ሴትየዋ የሞተችው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ነገሩ ለማንም ግልጽ ይመስል ነበር። ፕሮግራሙ ተሳሳተ፤ ልጅቷ ደነገጠች፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ስትቀር፣ መኪናው የተዘለለው ተበላሽቶ ነው ለማለት የሐሰት መስመር ጨመረች። አቶ ቃለሕይወት ይህን በአፋቸው አልተናገሩም። «ልጅ ናት፤ ፈርታ ይሆናል» ብቻ ነው ያሉት።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ለማኅሌት ሲሰጣት ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ ሐሳብ ብልጭ አለባትና ሳይጠናቀቅ ገፋችው፤ እንደዚያ ማሰብ ራሱ ኃጢአት መሰላት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አይደለሁም።»

«መዝገቡን የምትከፍቺበትን ምስጢር ቃል የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

ማኅሌት እጇን ከወረቀቱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። «የለም» አለች።

ጥሩሰው እጇን አየ፤ ምንም ሳይጽፍ ደብተሩን አጠፈ።

አምስት ቀን አለፈ። ማኅሌት ከሥራ ታገደች። ገበያ ስትወጣ ሴቶች መንገድ ይለቁላት ጀመር፤ «ማሽኗ ወላድ በላ» የሚለው ወሬ ቤቷ ድረስ መጣ። አቶ ቃለሕይወት አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው አልጠየቋትም። ጋሼ ሥራ በዝቶባቸው ነው እያለች ራሷን አጽናናች።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም የማእከሉ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበ። አረጋና ሞላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ቃለሕይወት በቦታቸው፣ በጠረጴዛው ራስ ላይ ነበሩ። ደግሰው ጥቁር ለብሶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» ብሎ ጀመረ ጥሩሰው። «ቁጥር መቁጠር ግን አውቃለሁ። ይህ ወረቀት በሰዓት ተደርድሯል። በግራ በኩል ግን መዝገቡ ራሱ ለእያንዳንዱ መስመር የሚሰጠው ተራ ቁጥር አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ቀጥሎ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፣ የደግሰው ጥሪ፣ አራት ከአሥር። መካከል ላይ ያለው የት ሄደ?»

አረጋ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «መጨረሻ ላይ ነው» አለ።

«መጨረሻ ላይ፣ ዘጠኝ ከሃያ ተብሎ። ከሰዓት በኋላ የተጻፈ መስመር ግን ከጠዋቱ ጥሪ የቀደመ ቁጥር ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ የተጻፈው ሦስት ከሩብ ካለፈ በኋላ፣ ደግሰው ሳይደውል ነው። በዚያ ሰዓት ማኅሌት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስታስተምር ነበር፤ ሠላሳ ምስክር አላት።»

አረጋ ቁጥሮቹን በጣቱ እንደገና ቆጠረ።

«ታዲያ ጠዋት የተጻፈው ለምን ዘጠኝ አለ?» አለ ጥሩሰው። «ፈረንጅ ዘጠኝ የሚለውን ሰዓት እኛ ሦስት እንለዋለን። መስመሩ የተጻፈው ሦስት ከሃያ ላይ፣ በፈረንጅ ሰዓት በሚቆጥር ማሽን ነው። አረጋ የሚሠራበት በእኛ ሰዓት ይቆጥራል። ከመዝገቡ ጋር የተገናኘ ሌላ ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ላፕቶፕ።»

ማንም የላፕቶፑን ባለቤት ስም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ወደ ጠረጴዛው ራስ ዞሩ። ጥሩሰው ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ፈታው፤ ደረቅ የጽድ ቅጠልና ሁለት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ።

«ሞላ፣ የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጽድ የለም። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ግን የሚወጣው በጽድ ጫካ ውስጥ ነው። ሄጄ ካህናቱን ጠይቄአለሁ፤ በዚያን ቀን ፈረንጆች ከአምቡላንስ ሲወርዱ አይተዋል።»

ሞላ ከዚህ በኋላ አልቆየም። እያለቀሰ ተናገረ። የድርጅቱ እንግዶች ማእከሉን ሊጎበኙ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ፤ ከጉብኝቱ በፊት ገዳሙን እንይ ብለው ሲሄዱ መኪናቸው ብልባላ አጠገብ ተበላሸ። አቶ ቃለሕይወት ደውለው ይዘሃቸው ውጣ አሉት። ጥሪ ቢመጣስ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ማሽኑ እንዳይጠራህ አደርጋለሁ ተባለ። ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ደግሞ ቆሜ ነበር በል ተባለ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለ ጥሩሰው ወደ ማኅሌት ዞሮ። «መኪና ጥገና ላይ ነው ብሎ ለመጻፍ ያንቺ ምስጢር ቃል ያስፈልጋል። ለማን ሰጥተሽው ነበር?»

ማኅሌት ወደ ጠረጴዛው ራስ አየች። ያለፈው ክረምት ታማ ስትተኛ፣ ሥራው እንዳይቆም ብላ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በእጃቸው ነበር የሰጠቻቸው። ማመን አይባልም፤ ለአባት እንደ መስጠት ነበር።

«ለጋሼ» አለች።

«ወረቀቱን ያየሽ ዕለት ገብቶሽ ነበር።»

«ገብቶኝ ነበር። ላምነው ስላልፈለግሁ ነው።»

አረጋ በአፉ ውስጥ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲል ተሰማ።

አቶ ቃለሕይወት ወንበራቸውን ወደ ማኅሌት አዞሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገሩ ጀመር፤ የሚናገሩት ለኢንስፔክተሩ ሳይሆን ለእሷ ነበር። «እንግዶቹ ተቀይመው ቢመለሱ ማእከሉ ይዘጋ ነበር። ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያሰብኩት። መስመሩን ሳስገባ አንቺን መጉዳት በሐሳቤ አልነበረም። ኋላ ግን ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኖ ወጥቶ ሳየው፣ ሰው አንቺን እንደሚጠረጥር ገባኝ። በሰዓት ደርድሬ አተምኩት።»

«ልጄ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉ። «አንቺ ከዚህ ትነሺ ነበር። እኔ አልነሣም።»

ማኅሌት ተነሥታ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ አቀርቅራ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው ፊት ለፊት አየችው።

«ስድስት ቀን ሙሉ ጠበቅሁህ» አለችው። «አንተ አልመጣህም።»

ከዚህ በላይ አልጨመረችም። ቃለሕይወት የቢሮውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኢንስፔክተሩ በቸልተኝነት ሰው በመግደልና መዝገብ በማጭበርበር እንደሚከሰስ ነግሮ ከሞላ ጋር ይዞት ወጣ። አረጋም ተከትሎ ወጣ።

ደግሰው ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። ማኅሌት ልታልፍ ስትል ጠራት።

«እመቤቴ፣ የብልባላው መኪና ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማሽንሽ ይልክልኝ ነበር?»

«ይልክልህ ነበር» አለች። «አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደጅህ ነበር።»

ደግሰው ራሱን ነቀነቀ። የጠየቀው ሊጽናና ብሎ አልነበረም፤ እሷም ያን አውቃ አላባበለችውም። ጋቢውን ሰብስቦ በእግሩ ወደ ብልባላ መንገድ ወጣ።