የሚካኤል ዕለት ተራ

ይታገሱን የናቅሁት በመጣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ምክንያትም ነበረኝ።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው የመስኖ ማኅበራችን የውሃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ፈለገ። እኔ፣ ሕሊና፣ ቡሬ ካምፓስ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እዚያው ማኅበር ቢሮ ውስጥ የገበሬ ስም በደብተር እገለብጣለሁ። ማንም «አንቺስ?» አላለኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በነፃ እሠራላችኋለሁ አለና እሱን ላከልን።

ከባጃጅ ወርዶ የጫማውን ጭቃ በሶፍት ጠረገ። ከዚያ ቢሮዬን ገረፍ አድርጎ አየና «ኢንተርኔቱ የት ነው?» አለ።

«ከሰዓት በኋላ ይመጣ እንደሁ ስልኬ ውስጥ ነው» አልኩት። «በምን ቋንቋ ነው የምትሠራው?»

«በሃስኬል» ሲል አንገቱ ቀና አለ።

ካምፓስ እያለን አንድ መምህር ሊያስተምረን ሞክሮ በሁለተኛው ሳምንት የተወው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በእሱ አንዴ የተጻፈ ነገር አይለወጥም፤ ለውጥ ከፈለግህ ሌላ አዲስ ነገር ትጽፋለህ።

«ከአንተ ሌላ በዚህ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ጎጃም ውስጥ አለ?»

«በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ነገር አይዋሽም» አለኝ፣ ያልጠየቅሁትን ሲመልስ። «ከተሳሳትሽ ኮምፓይለሩ ራሱ አያሳልፍሽም።» ኮምፓይለር የሚለው የተጻፈውን ኮድ ፈትሾ ለማሽኑ የሚተረጉመውን ፕሮግራም ነው።

ሰውዬው ፕሮግራም ሳይሆን ወንጌል ይዞልን የመጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጧቸውን የኮድ ጥቅሎች፣ ለማውረድ ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ሄዶ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ይዟቸው ሲመጣ የአንዱ ዕትም ከሌላው ጋር አልስማማ አለና ተመልሶ ሄደ። ኮዱ በኮምፓይለሩ ለማለፍ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ የላፕቶፑ ባትሪ የሚቆየው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፣ መብራታችን ደግሞ እንደፈለገው ነው። ሲጠፋበት ግድግዳውን ያያል። እኔ ደብተሬን ጮክ ብዬ እገልጣለሁ።

ለመናቅም ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ ቋንቋውን በስልኬ መማር ጀመርኩ። ሲያስብ የታች ከንፈሩን እንደሚነክስም ያስተዋልኩት ለመናቅ ብዬ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ፤ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ተዋረደ። የእኛ ደብር ሚካኤል ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጊዮርጊስ ናቸው። በሚካኤል ዕለት የእኛ ሰው እርሻ አይነካም፤ ተራው ከደረሰ ለማዶዎቹ ይሰጣል። እነሱም በጊዮርጊስ ዕለት ይመልሳሉ። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በይታገሱ ፕሮግራም ግን አንድ ተራ አንድ ባለቤት ብቻ አለው። የቦዩ ጠባቂ የታተመውን ዝርዝር ይዞ ማዶዎቹን ከለከለ። የእኛዎቹ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ፤ ውሃው ቀኑን ሙሉ ወንዝ ገባ።

አባቴ አቶ ባንተአምላክ የማኅበሩ የውሃ አባት ናቸው፤ በተራ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ቢሮ መጥተው ቆሙና «ልጄ፣ ይኸ ማሽንህ በዓል አያውቅም እንዴ?» አሉት። «በአሥር ቀን ጉባኤ አለ። እስከዚያ ካልተማረ ደብተራችን ይሻለናል።»

«ያልጠየቅኸውን ኮምፓይለሩ ከየት አምጥቶ ይንገርህ?» አልኩት አባቴ እንደወጡ።

ወደ ላፕቶፑ ዞረና አንድ ተራ ባለቤትም ተረካቢም እንዲኖረው አንድ መስመር ለወጠ። ኮምፓይለሩ አርባ ሦስት ስህተት ዘረገፈ።

«አየሽ፣ መስተካከል ያለበትን ቦታ ሁሉ ይነግረኛል» አለ ደስ ብሎት። አርባ ሦስት ስህተት አግኝቶ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

መብራቱ ደግሞ በማግስቱ ጠፍቶ በዚያው ቀረ። ጄኔሬተር ያለው የአቶ ሀይሉ ወፍጮ ቤት ብቻ ስለሆነ ላፕቶፑን ይዘን እዚያ ሄድን። ለምን አብሬው እንደሄድኩ እንዳትጠይቁኝ። ሦስት ቀን በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ወፍጮው እያደነቆረን፣ ስህተቱን አንድ በአንድ ለቀምን። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ብቻ ቀረ፤ መልእክቱ ግን ሙሉ ገጽ ነበር። ይታገሱ ራሱን ያዘ።

ላፕቶፑን ከጭኑ ላይ ወሰድኩ። «በጊዮርጊስ ዕለት የሚመለሰው ተራ ባለቤት የለውም» አልኩና ሁለት መስመር ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ አሳለፈው።

ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ያየኝ ጀመር።

«መቼ ተማርሽው?»

«ልሰድበው ስል።»

ሳቀ። ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት ነበር። ያኔ ወደድኩት፤ ለራሴ እንኳ የነገርኩት እያፈርኩ ነው።

ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «ድርጅቱ ሥራውን የሚረከብ ሰው እንደተገኘ ተመለስ ብሎኛል» አለ። «እስከ ዛሬ አልተገኘም እያልኩ ስጽፍ ነበር። እውነቴን ነበር።»

የላፕቶፑን ዱቄት በእጅጌው ደጋግሞ ጠረገው።

ጉባኤው በማኅበሩ ግቢ ተደረገ። ሰማንያ ገበሬ አለ፤ ጸሐፊያችን ያረጋል ለድርጅቱ የሚላከውን ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ፕሮግራሙ የሚካኤልን ተራ ለማዶ ሰጥቶ የጊዮርጊስን ሲመልስ ሁሉም አየ። ከዚያ አባቴ ተነሡ።

«ጥሩ ነው። ግን አንተ ብትሄድ ማን ይጠግነዋል? ከጠጋኙ ጋር የሚሄድ ዕቃ አንፈልግም።»

ዝም ካልኩ አምስት ወር የለፋበት ሥራ ይጣላል። ከተናገርኩ እሱ ይሄዳል። ተነሣሁ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ቋንቋው ሰይጣን የጻፈው ነው እያልኩ ስነግራቸው የከረምኩት እኔው ነኛ።

«አታውቅም» አለ ይታገሱ። «አንድ ሁለት ነገር ለቃቅማለች እንጂ አታውቅም። ቢያንስ አንድ ዓመት ላስተምራት ይገባል። ይኸ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ።»

ደሜ ፈላ። የመጨረሻውን ስህተት ማን እንዳረመው ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬት ሲያይ አየሁት። የጻፍኩት አይዋሽም እያለ ያሰለቸን ሰው፣ በሰማንያ ገበሬ ፊት እየዋሸ ነበር።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «አላውቅም።» ከዚህ የከበደኝ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ለማስተማር አንድ ዓመት ይበዛል» አሉ። «ለሌላ ጉዳይ ከሆነም ሽማግሌ ይላካል እንጂ ቃለ ጉባኤ አይያዝም።»

ያረጋል ብዕሩን አንሥቶ «ይኸንንም ልጻፈው?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ መጡ። አንድ ዓመቱም ካለፈ ቆየ፤ ይታገሱ ግን ለድርጅቱ በሚልከው ሪፖርት ላይ አሁንም «ሥልጠናው አላለቀም» ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙን የምጠግነው እኔ ነኝ። ቋንቋውን ዛሬም እንቀዋለሁ። ሪፖርቱን ከመላኩ በፊት የማነበውም እኔ ነኝ፤ ያቺን መስመር አላርማትም።