ፎቶው ላይ የማይታየው ቦታ

«አጥፋው አልኩህ!»

ሐኒ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። የሚኒ ሚዲያው ክፍል አሮጌ ድምፅ ማጉያ ተንቀጠቀጠ፤ ይልቃል ግን አልደነገጠም። ገና አስራ አንደኛ ክፍል ነው። የክበቡ ሰብሳቢ ከሆነ ወዲህ ግን ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር የቀረው ዳይሬክተር ይመስል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚያወራው።

«ረጋ በይ እንጂ ሐንዬ። አንደኛ የወጣ ፎቶ እኮ ነው። ሦስት ሺህ ሰው አይቶታል።»

«እሱ ነዋ ያናደደኝ!»

ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። የክበቡ የቴሌግራም ቻናል ላይ፣ «የእናቴ ሥራ» ለተባለው ውድድር የላከችው ፎቶ ይታያል። ወርቅ የሚያጥቡ የእናቷ ሁለት እጆች፣ የእንጨት ገበቴ፣ ጥቁር አሸዋ። ሌላ ምንም የለም። ዛፍ የለም፣ ቋጥኝ የለም፣ ከኋላ ተራራ አይታይም። ሐኒ ሆን ብላ ነው እንዲህ ያነሳችው። እናቷና አራት ሴቶች ያንን የወንዝ መታጠፊያ ያገኙት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልጉ ከርመው ነው። ቦታውን ለማንም አያሳዩም፤ ባሎቻቸው እንኳ በቅጡ አያውቁትም።

ከፎቶው ሥር አንድ የማታውቀው ሰው «ቦታው የት ነው?» ብሎ ጠይቋል። ሌላው ደግሞ መልሶለታል። «ፋይሉን አውርደህ ዝርዝሩን ክፈተው። ካርታው አብሮት አለ።»

ሐኒ ይህን ያነበበችው ዛሬ ጠዋት ነው። ወዲያው አውርዳ ከፈተችው። ከፎቶው ሥር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስልኳ ዓይነት ተዘርዝሯል። ከዚያ በታች ካርታ፣ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ። ነጥቡ ከኩርሙክ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ልክ እናቷ በምትንበረከክበት ቦታ ላይ ነበር። ስልኩ ፎቶ ባነሳ ቁጥር ያለበትን ቦታ ደብቆ ይመዘግብ ኖሯል። እሷ ዛፉንና ቋጥኙን ስትደብቅ የዋለችው በከንቱ ነው።

«በፋይል ላኪው ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው። «እንደ ተራ ፎቶ ብልከው ኖሮ ቴሌግራም ያንን ሁሉ ያራግፈው ነበር።»

«ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ ነዋ! ትልቅ አድርገን ልናሳትመው...»

«ሰዎቹ መጥተዋል ይልቃል! ባለፈው ሳምንት፣ በስድስት ሞተር ሳይክል፣ ፓምፕ ጭነው። ቦታውን በሁለት ቀን ገለበጡት። እናቴን ገፍትረው አባረሯት። ገብቶሃል?»

ይልቃል ያጣመረውን እጁን ፈታ። ቻናሉን ከፍቶ ፎቶውን አጠፋው።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያውቃል? አንቺም አታውሪ፣ እኔም አላወራም። ከተሰማ ክበቡን ይዘጉታል።»

«ምኑ ነው ያለቀው? ያወረዱት ሰዎች ስልክ ውስጥ አለ እኮ! ደግሞ የሌሎቹስ?»

አስራ አንድ ተማሪዎች በፋይል የላኩት ፎቶ አሁንም ቻናሉ ላይ አለ። ሐኒ ከመካከላቸው የቢሊሴን ከፈተችው። ካርታው ወጣ፤ አሶሳ፣ ሰፈሩ፣ ግቢው ሳይቀር።

«እናቷ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሥራ ውላ እስክትመለስ ቢሊሴ ብቻዋን የምትውልበት ቤት ነው። ለሦስት ሺህ ሰው አሳየህላት። ጎበዝ!»

ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ከራሱ ላይ ቆመች። ይልቃል አስራ አንዱንም ከቻናሉ አነሳ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ፣ የቦታውን መረጃ ከዝርዝሩ እያስወገደ፣ እንደገና ለጠፋቸው። እሷም የራሷን ስልክ ካሜራ ቅንብር ከፍታ ቦታ መመዝገቡን ዘጋችው። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። አስር ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም፤ እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። ይልቃል እንዳያያት ፊቷን አዞረች።

ቀይ ነጥቡ ቢጠፋም ደጊቱን የሚያድናት ግን አልነበረም። ደጊቱ አብረው ወርቅ ከሚያጥቡት ከአምስቱ ሴቶች አንዷ ናት። ከወለጋ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በመንደሩ ዘመድ የላትም። ወንድሟ ባምባሲ ውስጥ በሞተር ሳይክል ሰው ያመላልሳል። ስድስቱ ሞተሮች እየጮሁ ወንዙ ዳር ሲደርሱ አራቱም ሴቶች ዞረው ያዩት እሷን ነበር። ነገ ቅዳሜ ተሰብስበው ከመካከላቸው ሊያስወጧት ነው።

ሐኒ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ከምትማርበት ከአሶሳ ወጥታ መንደሯ ገባች። እናቷን ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት። በቤርታኛ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ሰማቻት፤ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ ብቻ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ዋጥ አድርጊው።»

«እትዬ ደጊቱስ?»

«ደጊቱ ወንድም አላት፤ ባምባሲ ትሄዳለች። እኔ የት እሄዳለሁ? ወላሂ፣ ሲቲናና ሌሎቹ ይህን ከሰሙ ሁለተኛ ከእነሱ ጋር ወንዝ አልወርድም። ያንቺ ትምህርት ከዚያ ወንዝ ነው የሚወጣው።»

«ምንም አላደረገችም እኮ እማ!»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ፣ ልብሱን እየጨመቀች።

ሐኒን ያንገበገባት ይህ «አውቃለሁ» ነው። ሰው ሳያውቅ ቢፈርድ አንድ ነገር ነው። ይልቃልም «ማን ያውቃል? አታውሪ» ብሏት ነበር፤ እናቷም ያንኑ ነው የደገመችላት። በእናቷ ላይ እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

ሴቶቹ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ደጊቱ ፈንጠር ብላ፣ ትንሿን ልጇን አቅፋለች። ደጊቱ ቤርታኛ ስለማትችል ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ሲቲና በተሰባበረ አማርኛ ጀመረች።

«አንቺ ነው የተናገረው። ወንድምሽ ሞተር አለው። ሞተር መጣ። ሌላ ማን ያውቃል?»

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም!» አለች ደጊቱ። «ወንድሜን ካየሁት እንኳ አራት ወር ሆኖኛል። ጠይቁት!»

«እኛ አይጠይቅም። አብሮ መሥራት በቃ።»

ሐኒ ከእናቷ ጎን ቆማ ደጊቱን ታያለች። ደጊቱ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ አንዷም ቀና አላለችላትም። «እሺ» አለች በመጨረሻ። ልጇን ወደ ጀርባዋ አዙራ ማዘል ጀመረች።

እናቷ የሐኒን ክንድ ያዘች፤ አጥብቃ ያዘች። ሐኒ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ራሷን በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ቁጣ ቢሆን ለሐኒ ይቀላት ነበር።

ክንዷን ቀስ ብላ አላቀቀች። ሴቶቹን አቋርጣ ደጊቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«እትዬ ደጊቱ፣ ቁጭ በይ» አለች በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማት። ከዚያ ወደ ሲቲና ዞረች። «ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»