የሜዳው ማርሽ

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ የኑርዬ የድሮ የውድድር ብስክሌት ሐይቅ ከተማ ባለው ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የኋላ ማርሾች ተቀምጠዋል። የአንደኛው ክቦች ከአሥራ ሦስት ጥርስ ተነስተው አንድ አንድ ብቻ እየጨመሩ አሥራ ስምንት ላይ ያበቃሉ፤ ሁለተኛው ሰፋ እያለ ሃያ ስምንት ይደርሳል። ኑርዬ አንዱን ገጥሞ ወጣ።

ከቀትር በፊት አስከሬኑ በአምባሰል አቀበት ሥር፣ ገደል ውስጥ ተገኘ። ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል። የፊት ፍሬኑ ገመድ ወልቋል።

ፍሬኑን ረቡዕ ዕለት የጠገነው ጁማ ታሰረ። ተዋጊዎች ከተማዋን በያዙበት ጊዜ ሞተራቸውን ጠግኗል እየተባለ ይታማ ስለነበር፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የተሰበሰበው ሰው «ገዳይ ነው! አውጡልን!» እያለ ይጮህ ነበር። ከደሴ የተላከችው ኢንስፔክተር ስህን በሰዉ መካከል አልፋ ገባች።

«ፍሬኑን አላልተህ ነው የሰጠኸው?»

«ወላሂ አጥብቄ ነው! ለብስክሌት ጫማውም ከፔዳሉ ጋር የሚያያዘውን ብረት አዲስ ገጠምኩለት። የሰዉ ቂም ሌላ ነው። ጠመንጃ ተደግኖብኝ ሞተር አልጠግንም ልበል እንዴ? ዛሬ ብትለቂኝም በሕይወት ቤቴ አልደርስም።»

ስህን ብስክሌቱን አስመጣች። የኋላ ጎማው ደህና ነው። ጎንበስ ብላ የማርሹን ጥርሶች በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ የሟቹን ጫማ ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ብረት ለረጅም ጊዜ አየችው።

የኑርዬ ሚስት ዘይቱና ቤቷ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሰፊው ማርሽ ነው።

«ጉልበቱን ያመው ነበር» አለች ዘይቱና። «ዳገት የሚሄድ ቀን ይኼን ሳይገጥም አይወጣም። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር። የጤና ጣቢያውን ጄኔሬተር በግርግሩ ማን እንደጫነው አይቻለሁ አለኝ። ማን ነው ስለው ‹አንቺም አብረሽኝ አትፍሪ› ብሎ ደበቀኝ።»

እህል ነጋዴውን አሕመዲንን ስህን ፒክአፑን ተደግፎ አገኘችው። የኑርዬ የልጅነት ጓደኛ ነው።

«ወደ ውጫሌ ስሄድ አቀበቱ ላይ አይቼዋለሁ። ተቀምጦ፣ እግሩን እንደ ስፌት መኪና እያሽከረከረ ይወጣል። ‹አንተ ሽማግሌ፣ ልጎትትህ ወይ?› ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። አላህ ይርሃመው።»

ኑርዬ ያሠለጥናት የነበረችው ተወዳዳሪ ሙጂባ ጠባቡን ማርሽ እንዳየች አወቀችው።

«ይኼማ የሜዳ ነው። በሱሉላ ሜዳ በኩል ንፋስ ሲመጣ አንድ ጥርስ ብቻ ይጨመራል፤ እግር ምቱን አይስትም። በሰፊው ከሆነ ወይ ይከብዳል ወይ ባዶ ያስረግጣል።»

«አምባሰልን ለመውጣትስ?»

«በዚህ? ጋሼ ኑርዬ ቢሰማሽ ይስቅብሽ ነበር!»

በማግስቱ ስህን ሁሉንም አቀበቱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ጁማ በካቴና ታስሮ ቆሟል። የኑርዬ የኋላ ጎማ በሙጂባ ብስክሌት ላይ ተገጥሟል።

«ተቀምጠሽ ውጪ» አለቻት።

ሙጂባ ጥቂት እንደሄደች ከመቀመጫው ተነሳች። ትከሻዋ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ሁለተኛው መታጠፊያ ሳትደርስ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈችና ብስክሌቱን እየገፋች ተመለሰች።

«ወጣት ናት፤ ጉልበቷም ጤነኛ ነው» አለች ስህን። «አሕመዲን፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በዚሁ ማርሽ ተቀምጦ ሲያሽከረክር አየሁ ብለሃል።»

«ገፍቶ ወጥቶ ይሆናላ! ሲወርድ ነው የወደቀው።»

«ታዲያ ያየኸው ማንን ነው?»

አሕመዲን ዓይኑን ወደ ፒክአፑ መለሰ።

«ገፍቶም አልወጣም። ሙጂባ፣ ጫማሽን አሳዪን።» የሙጂባ ጫማ ብረት በጠጠሩ ተጫጭሯል። ስህን የኑርዬን ጫማ ከፍ አደረገች። «ረቡዕ የተገጠመው የዚህ ብረት ግን አንድም ጭረት የለውም። ኑርዬ በብስክሌት አልወጣም፣ በእግሩም አልወጣም። በዚህ ማርሽ ወደ ሜዳው ነው የሄደው፤ ወደዚህ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ኑርዬ አምባሰልን አዘውትሮ እንደሚወጣ ያውቃል፤ የዚያን ቀን ማርሹን ግን ልብ አላለም። ከተማው ጁማን እንደሚጠላ ስለሚያውቅ ፍሬኑን ፈታ። ዳገት ላይ አየሁት ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ፖሊሶቹ የፒክአፑን ሸራ ገለጡ። ከሥሩ ጥቁር ቅባት፣ የሰንሰለት ቅርጽ እንደያዘ ደርቋል።

አሕመዲን መንገዱ ዳር ተቀመጠ። «ልለምነው ነው የተከተልኩት። ‹እመሰክራለሁ› አለኝ። ከጎኑ ደርሼ… በመኪናው ገፋሁት።»

«ለጄኔሬተር?» አለች ዘይቱና።

ጁማ በዚያው ቀን ከሰዓት ተፈታ። ጣቢያው በር ላይ ሰው አልነበረም። የሱቁ መስኮት ስድስት መስታወት ነበረው፤ እሱ ታስሮ ሳለ አምስቱ በድንጋይ ተሰብረዋል።