ሰባ ሁለት መስመር በሰሌዳ ላይ

«ምነው ዓይናዲስ፣ ስንት ጊዜ ላስረዳሽ? አርባ አምስት ደቂቃ ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ ኮማንደር አወቀ፣ ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ እያነሣ መልሶ እያስቀመጠ።

«ብያለሁ። መጻፉ ያን ያህል ይፈጃል። እሷ ገደለች ግን አላልኩም።»

«በሂሳቡ ሌላ ሰው የለማ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አመጣሽ አመጣሽ፤ ከዚያ ወዲያ መዝገቡን እልካለሁ።»

ኢንስፔክተር ዓይናዲስን ይበልጥ ያናደዳትም በገዛ ልኬቷ መረታቷ ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ አራዳ ውስጥ ፎቅ ላይ በተከፈተ የቋንቋ ማስተማሪያ ቤት፣ የእንግሊዝኛው መምህር ሰውአገኝ ማጅራታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። የወደቁት በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከተቀመጠው ሰሌዳ ሥር ነው። ጣታቸው መካከል ጠመኔ ነበረ። ሰሌዳው ላይ «ዎክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ፣ መራመድ ማለት ነው፣ በዐሥራ ሁለቱም ጊዜያት ተረብቶ ሰባ ሁለት መስመር ሞልቷል።

ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ ዐብዱልከሪም፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የጠገነውን ኮት ለመምህሩ ሲያደርስ ሰሌዳው ባዶ እንደነበር ተናግሯል። ዓይናዲስም ሰባ ሁለቱን መስመር በራሷ እጅ ገልብጣ ሰዓት ያዘች። አርባ አምስት ደቂቃ። እንግዲያው መምህሩ እስከ ዘጠኝ ከሩብ በሕይወት ነበሩ። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነጋ ግን ልክ በዘጠኝ ከከተማ በሚወጣው የኮላ ድባ ሚኒባስ ተሳፍሯል፤ የመኪናው ረዳት መስክሮለታል። ሁለተኛዋ መምህርት ሄለን ከቀትር ጀምራ አዘዞ ለቅሶ ላይ ነበረች። ፎቁ ላይ የቀረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ይርገዱ ናት፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ። አሁን አራት ቀን ታስራለች፣ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። የሰባት ወር ልጇ ጎረቤት ዘንድ ጡጦ አልቀበል ብሎ ያለቅሳል።

ዓይናዲስ ባምላክን ለሦስተኛ ጊዜ አስጠራችው። ከድብ ባሕር መጥቶ ለአስጎብኚነት ፈተና ከመምህር ሰውአገኝ እንግሊዝኛ ይማር የነበረ ጎልማሳ ነው። የሰሌዳውን ጽሑፍ የምታስተያይበት የተማሪ ደብተር ብትጠይቅ፣ እሱም ሌሎቹም የለንም ብለው አድክመዋታል።

«ሁላችሁም ደብተር የላችሁም። ተመካክራችኋል?»

«ምን ብለን እንመካከራለን? መምህሩ ደብተር ይዞ ለመጣ ተማሪ ‹ጭነትህን ለአህያ ስጥና ግባ› ነበር የሚሉት።»

ዓይናዲስ ብዕሯን አስቀመጠች። ባምላክም ቀስ ብሎ አስረዳት። መምህሩ ከእንግሊዝኛ በፊት ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው። የግእዝ ግሥ በአፍ እንደሚያዝ ሁሉ እንግሊዝኛውንም በአፍ ያስይዟቸው ነበር። እሳቸው ክፍሉን እየተመላለሱ «አይ ዎክ» ይላሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ይወርደዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ግሥ ጽፈው አያውቁም።

«ሰሌዳውስ?»

«ኮታቸውን ይሰቅሉበታል።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማረፊያ ቤቱ ሄደች። ይርገዱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዓይናዲስ ይህን ምነው እንዳልነገረቻት በቁጣ ጠየቀቻት።

«ማን ጠየቀኝ፣ እትዬ? የምትጠይቁኝ ሰዓት ብቻ። የአያ ሰውአገኝ ሰሌዳ ሸጋ ነው፤ ጠመኔ ስለማይነካው እንደ ከሰል ጥቁር። የሄለን ግን በእርጥብ ጨርቅ ብፈትገውም አመድማ ነው፣ አይለቅም።»

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ይርገዱን አንድ ፖሊስ ይዟት በሩ አጠገብ ቆመ። ዓይናዲስ ጨርቅ ነክራ፣ ፎቶ የተነሣውን ሰሌዳ አንድ ጥግ ፈተገች። ጽሑፉ ለቀቀ፤ ከሥሩ ግን የዓመታት የጠመኔ አመድ ቀረ። ከዓርብ ጀምሮ ተዘግቶ ከቆየው ጎረቤት ክፍል ያስመጣችውን የሄለንን ሰሌዳ ከአጠገቡ አቆመች። ጥቁር ነበር።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች ሄለን ወዲያው።

«አይደለም። ሰሌዳዎቹ ተለዋውጠዋል» አለች ዓይናዲስ። «መምህሩ ግሥ አይጽፉም ነበር። ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ የጻፈውም ደቂቃ እንድንቆጥርለት ነው። እኔም ቆጠርኩለት።» ድምጿ መረረ። «ሄለን በቀትር ከሄደች በኋላ በእሷ ክፍል፣ በእሷ ሰሌዳ ላይ ተረጋግቶ ጽፎ ጨረሰ። ከስምንት ተኩል በኋላ ገብቶ መታቸው፤ ሰሌዳ መለወጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ቆጠራ ማንን ይጠቅማል? ይርገዱን አሳሰራት። ሄለን አዘዞ ስትሆን መንደሩ ሁሉ አይቷታል፤ ሰሌዳ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልገው በዘጠኝ ለሄደ ሰው ነው። ሄለን፣ የክፍልሽን ቁልፍ ለማን ሰጥተሽ ሄድሽ?»

«ለነጋ።»

ነጋ ከባሕር ዳር ተቀጥሮ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ፊቱ ላይ ከፍርሃት ይልቅ ግራ መጋባት ይታይ ነበር።

«እኔ ከታች ቢሮ ሆኜ ሲያስተምሩ በየቀኑ እሰማለሁ» አለ። «ሰሌዳ ሳይታይ ያን ሁሉ ማን በቃሉ ይወጣዋል?»

«ሰምተዋል፣ አቶ ነጋ። አንድ ቀን ደረጃውን ወጥተው ግን አላዩም።»

ሄለን የቀረውን ተናገረች። ነጋ ክፍል ገብተው ለማያውቁ ሰዎች የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ መምህሩ አልፈርምም ብለው ሰኞ ለትምህርት ቢሮ ሊያመለክቱ ቆርጠው ነበር። እስካሁን ያልተናገረችው ሥራዋን ፈርታ ነው። ዐብዱልከሪም በበኩሉ ነጋ ቅዳሜ አዝራር ሊያስተክል የሰጠው ኮት የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ነጭ እንደነበር አስታወሰ።

«አስተማሪ ሳይሆን ጠመኔ ከየት አመጣ ብዬ ሳቅሁ እንጂ ልብ አላልኩትም። ኮቱ ገና ሱቄ ተሰቅሏል።»

ነጋ ተቀመጠ።

ኮማንደር አወቀ ይርገዱን የያዘውን ፖሊስ ጠርቶ ነጋን እንዲይዝ አዘዘው። ወዲያው ወደ ዓይናዲስ ዞሮ፣ ሁለት ሰሌዳ ለማስተያየት አራት ቀን ለምን እንደፈጀባት ይጠይቃት ጀመር። እሷም ማረፊያ ቤት ያለን ሰው ከሰዓት ሌላ ማን ምን ጠየቀ ብላ መለሰች። ሄለን የክፍሏ ቁልፍ ከነጋ ተወስዶ በደረሰኝ እንዲመለስላት ትጠይቃለች። ዐብዱልከሪም ኮቱን ለማምጣት ማን አብሮት እንደሚወርድ ሁለቴ ጠየቀ፣ ሰሚ አላገኘም።

ይርገዱ አንድ ሰው የሆነ ነገር እስኪላት ጥቂት ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ በሩን በቀስታ ከፈተችና ደረጃውን ወረደች።

ኮማንደሩ አሁንም ስለ አራቱ ቀን ይናገራል።