በግል መስኮት የተጻፈ ጥያቄ

መርማሪዋ ከሟቹ መሳቢያ ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣች ነጭ ወረቀት ላይ ትደረድር ነበር፤ ማበጠሪያ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ግማሹ ያለቀ የኪኒን ካርድ።

«ይሄ የምንድን ነው?» አለች የሟቹ ታናሽ እህት። በዚሁ ድርጅት የሶፍትዌር ፈታሽ ናት።

«የልብ መድኃኒት። አታውቂም ነበር?»

«ወንድሜ? ጉንፋን እንኳ ሲይዘው አይቼ አላውቅም!»

ሟቹ የድርጅቱ ፕሮግራመር ነበር፤ ትናንት ከሰዓት ሻይ ጠጥቶ እዚሁ ወንበር ላይ ሞተ። በብርጭቆው ውስጥ ይኸው መድኃኒት ከልክ በላይ ተገኝቷል። ሻዩን ያመጣችለት እህቱ ስለነበረች ፖሊሶች በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

መርማሪዋ ዕቃዎቹን ከሸፈነች በኋላ ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን እያስተካከለ ገባ፤ የገበያ ኃላፊው ተከተለው።

«ሰኞ አዲሱን የኢንተርኔት መክፈቻ ብሮውዘራችንን እንለቃለን» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምስጢር በመጠበቅ ወደር የለውም።»

«በነጻ ነው አሉ። ታዲያ እናንተ ምን ታገኛላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«የሕዝብ አመኔታ።»

የገበያ ኃላፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«አንተን ምን አሳቀህ?» አለችው መርማሪዋ።

«አመኔታ ሲሉ ነዋ! ሰው የፈለገውን ሁሉ የሚያውቅ ድርጅት ማስታወቂያ ሰጪ አያጣም። የግል መስኮቱ ግን ዝግ ነው፤ እዚያ የተጻፈ አይቀመጥም። ፈታሿ ፈርማበታለች።»

እህትየው አንገቷን ደፋች።

«ምስኪን ወንድሟ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በየቀኑ የልብ ኪኒን የሚውጥ ሰው ይህን ያህል መድከም አልነበረበትም።»

ከምሳ በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ቤት ከአዲሱ ብሮውዘር ሌላ መክፈት ክልክል ነው። ሟቹ ስለ ሕመሙ የጠየቀው በግል መስኮቱ ነው፤ የሠራው እሱ ስለሆነ አመነው። ለእህቱ ያልነገረውን እርስዎ ግን ከነኪኒኑ ያውቃሉ።»

«ራሱ ነግሮኝ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ትናንት ጠዋት መስኮቱ ዝግ እንዳልሆነ፣ የተጻፈው ሁሉ እንደሚቀመጥ ደረሰበት። ‹ሰኞ አይለቀቅም› ብሎ ኢሜይል ላከልዎት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሱ የጻፈውን አስከፍተው አነበቡ፤ ጽሑፉ የተቀመጠበት መዝገብ ማን እንዳነበበውም ይመዘግባል። ከሰዓት ወንድምና እህትን ለስብሰባ ጠሩ፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እርስዎ ግን ኪኒኑን ከመሳቢያው አውጥተው ሻዩ ውስጥ ጨምረው ዘግይተው ገቡ። የኪኒኑ ካርድ ላይ ያለው አሻራ የሟቹና የእርስዎ ብቻ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን ላላ አደረገ። «ስንት ቤተሰብ ነው በዚህ ሥራ የሚያድር» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

መርማሪዋ አንድ ወረቀት ለእህትየው ሰጠች፤ የሰው ደብዳቤ ከፍታ ያነበበች ይመስል ዓይኗን ከእሷ አሸሸች። «የመጨረሻ ጥያቄው ነው።»

‹መታመሜን ለታናሽ እህቴ ሳላስደነግጣት እንዴት ልንገራት?› ይላል።

«መስኮቱ ዝግ እንዳልሆነ ከሁለት ወር በፊት አግኝቼዋለሁ» አለች እህትየው። «አለቆቼ ‹ፈርሚና እርሺው› አሉኝ። ፈረምኩ። ለወንድሜ መንገር አፈርኩ። ብነግረው ኖሮ ይህን እዚያ አይጽፍም ነበር።»

የገበያ ኃላፊው ጫማውን ያይ ነበር።

ፖሊሶቹ ሥራ አስኪያጁን ሲወስዱት እህትየው ቀና አላለችም። መርማሪዋ ባዶ ወረቀት አቀረበችላት። ጻፈች፤ የመጀመሪያው መስመር «አውቅ ነበር» የሚል ነው። ስትጨርስ ከሥሩ ፈረመች፣ ወረቀቱን እጥፍ አድርጋ ሰጠች። መርማሪዋ ፋይሉ ውስጥ ከተተችውና ፋይሉን ዘጋች።