እስከ ጉልበቱ

ጌጤነህ በዚያ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ የቆሬን መንገድ ሲይዝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። አምቡላንስ መንዳት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወገቡ ከወንበሩ ጋር አብሮ አርጅቷል፤ ዐይኖቹ በአቧራና በእንቅልፍ እጦት ቀልተው ከቀሩ ቆይተዋል። ከቆላው ጤና ጣቢያ እስከ ከተማው ሆስፒታል ድረስ ያለውን ስልሳ ኪሎ ሜትር፣ የትኛው ጉድጓድ ጋ ፍሬን መያዝ እንዳለበት፣ የትኛው ኩርባ ላይ ፍየል እንደሚተኛ ሳያስብበት ያውቀዋል። እጁ መሪውን ይዞ ይሄዳል፤ ልቡ ደግሞ ቤቱ ደርሶ ጫማውን ስለማውለቅ ያስባል። በዚያ ሳምንት ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ከኋላ አልጋው ላይ ሀዋ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ተኝታለች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ከአገር ከወጣ ስድስት ወር አልፎታል፤ አማቷም መንገዱን አልችልም ብለው ከደጃፍ መርቀው ቀርተዋል። አብራት ያለችው ነርሷ ዘይነባ ብቻ ናት። ዘይነባም ከትናንት ጀምሮ አልተኛችም። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሀዋ በጥርሷ መሀል ታቃስታለች፤ ዘይነባ በለሆሳስ ታባብላታለች፤ ጌጤነህ ደግሞ እግሩን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ያነሳል። ሌላ የሚያደርግላት ነገር አልነበረም።

ቆላው ላይ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ሰማዩ ነጭ ነው፤ ሙቀቱ በመስኮቱ ገብቶ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል። በስተምዕራብ ግን ደጋው ከአናቱ እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ጌጤነህ ዐይቶታል። አንዴ አየና መንገዱ ላይ አፈጠጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አየ። ከዚያ በኋላ ነዳጁን ጨመር አደረገ። እርጥብ አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ፣ በዚያ ሙቀት መሀል ከየት መጣ ሳይባል፣ ክንዱን ዳሰሰው።

የቆሬ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ግመል ይተኛበታል። መኪና የሚሻገረው ሲሚንቶ በተደለደለበት ጠባብ ማቋረጫ ላይ ነው። ድምፁን ገና ከሩቅ ሰሙት፤ ማባሪያ የሌለው፣ ወፍራም፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ጉርምርምታ። የመጨረሻዋን ዳገት ሲወጡ አሸዋው የለም። በቦታው ቡና የመሰለ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ፣ የሞተ በግና የቤት ክዳን ተሸክሞ ይወርዳል። ጌጤነህ ከዳሩ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን እንደሚደረግ ከማንም በላይ ያውቃል። ይጠበቃል። ደንቡ ይኸው ነው። ጉልበት የሚደርስ ውሃ ሰው ይጥላል፤ የጎማን ግማሽ ያለፈ ውሃ ደግሞ መኪናን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ያነሳል። ከላይ ሲታይ ልስልስ ያለው ውሃ ከሥሩ መንገዱን ቆርሶት ይሆናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚህ ወንዝ ሦስት መኪና ሲጎተት አይቷል፤ የሁለቱን ሹፌሮች በስም ያውቃቸዋል።

ዘይነባ ከኋላ ምን ያህል እንደሚቆዩ ጠየቀችው። ሁለት ሰዓት፣ ምናልባት ሦስት አላት። ሀዋን ስታያት ቆየችና ሁለት ሰዓት ላይኖራት ይችላል አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ድካም ብቻ ነበር።

ጌጤነህ ወርዶ ወደ ውሃው ተጠጋ። ጭቃው ላይ የጎማ ዱካ አየ። አዲስ ነው፤ የጎማው ጥርስ ሳይፈርስ ቁልጭ ብሎ እስከ ውሃው ይሄድና ውሃው ውስጥ ይገባል። አንድ መኪና ቀድሟቸው ተሻግሯል ማለት ነው። ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። ቀና ሲል ሰውየውን አየው።

ከወንዙ መሀል ቆሟል። ነጭ ነጠላ ወገቡ ላይ ጠምጥሟል፤ ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው። ፊቱን ወደነሱ አዙሮ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ መዳፉን ወደታች እያጠፈ ይጠራቸዋል። ና፣ ና፣ ና። ዘይነባም ከኋላው መጥታ አየችው።

«እስከ ጉልበቱ ነው እኮ ጋሽ ጌጤ» አለች። «መንገዱን እያሳየን ነው።»

የአካባቢው ወጣቶች ጎርፍ ሲመጣ ውሃ ውስጥ ቆመው ለሹፌር ጥልቀት ማሳየታቸው የተለመደ ነው። ጌጤነህ ግን ከእግሩ አልተነቃነቀም። አፉን በእጆቹ ከልሎ፣ ሥሩ ደህና ነው ወይ፣ ሲሚንቶው አለ ወይ እያለ ጮኸ። ሰውየው አፉን ከፈተ። ረጅም ጊዜ ከፍቶ ቆየ። ከጉርምርምታው በስተቀር የተሰማ ነገር የለም። እጁ ግን አላቆመም። ና፣ ና።

አንድ ነገር ልክ አልነበረም፤ ምኑ እንደሆነ ግን የደከመ ጭንቅላቱ ሊይዝለት አልቻለም። ሰው ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩን ይቀያይራል፣ ያጋድላል፣ ይንገዳገዳል። ይሄኛው ወገቡ ይወዛወዛል እንጂ እግሩ አንዴም አልተነሳም፤ ተተክሏል። ደግሞ ከውሃው ሥር ድምፅ ይመጣል። ግው። ግው ግው። ጎርፍ ድንጋይ ሲያንከባልል እንዲህ እንደሚል ያውቃል፤ የድንጋይ ድምፅ ግን ይመጣና ያልፋል፣ ይሄኛው ከአንድ ቦታ አይንቀሳቀስም። አየሩም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዞሮ የራሱን መኪና ሥር አየ፤ የሚያፈስ ነገር የለም።

ያኔ ሀዋ ጮኸች። እስካሁን ያልጮኸችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነበር የጮኸችው። ጌጤነህ መኪናው ውስጥ ገባ።

አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሳይፈጥን ሳያቆም፣ ዱካውን ተከትሎ ወረደ። ውሃው ጎማውን፣ ቀጥሎ የፊት መብራቱን ሥር ነካ። ሲሚንቶው ሥሩ ነበር፤ በመሪው በኩል ይሰማዋል። ዐይኑን ሰውየው ላይ ተከለ። አሥር እርምጃ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። በሩ ሥር ውሃ መንሾካሾክ ጀመረ፤ ፔዳሉ ጋ ቀዝቃዛ ነገር ጫማውን ሞላው። ከዚያ በኋላ መሪው በእጁ ውስጥ ቀለለ። ምንም እንዳልያዘ ሆነ። የመኪናው አፍንጫ ዝቅ አለ፣ ጎኑ ቀስ ብሎ፣ አንድ ሰው በትከሻው እንደገፋው፣ ወደ ወንዙ መውረጃ መዞር ጀመረ።

አሁን ሰውየው ቅርብ ነው፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጌጤነህ በመስታወቱ ውስጥ አየው። የመኪናው መብራት ውሃ ውስጥ ሰምጧል፣ ውሃው መስኮቱ ሥር ደርሷል፤ ከእነሱ ይበልጥ ወደ መሀል የገባው ሰውዬ ላይ ግን ውሃው አሁንም እስከ ጉልበቱ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። አፉ ክፍት ነው። ዐይኑ ከጌጤነህ ዐይን ላይ አይነቀልም። እጁ ይጠራል።

ጌጤነህ የኋላ ማርሽ እንዴት እንዳስገባ አያስታውስም። ሞተሩ እንደ ታነቀ ሰው ተንቋረረ። የኋላ ጎማዎቹ አንዴ ተሽከረከሩ፣ ሁለቴ ተሽከረከሩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ነከሱ። መኪናው እየተጎተተ፣ እየተወላገደ፣ ውሃ በየበሩ እየተፋ ዳር ወጣ።

በሩን ከፍቶ ወረደ። ዘይነባ ፊቷ ነጥቶ በኋላው በር ብቅ አለች፤ ሰውየውን ስታየው እሷም እጇን አንስታ ልትመልስለት፣ አፏን ከፍታ ልትጣራ ነበር። ጌጤነህ ክንዷን ያዛት።

«አትመልሺለት» አላት። «በስምሽ ቢጠራሽም አትመልሺለት።»

ስለ ቆሬ የሚወራውን ነገራት። በጎርፍ ጊዜ ከመሀል ሆኖ የሚጠራ አለ ይላሉ የድሮ ሹፌሮች፤ ሰው ይመስላል፣ ውሃ አያሰምጠውም፣ የጠራው ሰው ከመለሰለት ግን ይወስደዋል። ጌጤነህ ይህን ለዓመታት ሲሰማ እየሳቀ ነበር ያለፈው። አሁን አልሳቀም። ዘይነባም አልሳቀችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ቢሆንስ አለችው። ሰው ቢሆን ውሃው ይውጠው አልነበረም ወይ ብሎ መለሰላት። ሀዋ እንደገና ስትጮህ ሮጣ ገባች።

መኪናውን አዙሮ ጀርባውን ለወንዙ ሰጠው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አማተበ። የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመረና አንዱንም ሳይጨርስ ቀረ፤ ድካሙ ቃላቱን ከአፉ ላይ ይወስድበታል። ዐይኑን ከጎን መስታወቱ ላይ ማንሳት ግን አልቻለም። መስታወቱ ውስጥ ትንሽ ሆኖ፣ በውሃ ነጠብጣብ መሀል፣ ሰውየው አለ። ከደጋው የሚመጣው ውሃ እየጨመረ ነበር። ሰውየው ላይ ውሃው መጀመሪያ እስከ ጭኑ ደረሰ። ትንሽ ቆይቶ እስከ ወገቡ። ወዲያ አልሮጠም፣ ወዲህ አልዋኘም፣ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ደረቱ ሲደርስም እጁ ይጠራ ነበር፤ ብቻ አሁን ቀስ ብሎ ነው፣ እሱም እንደ ጌጤነህ እንደደከመው። ወደ ቤቱ እየገባ ነው አለ ጌጤነህ በሆዱ። እጁን በመስኮቱ አውጥቶ መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞረው። ከውሃው ሥር የነበረው ግው ግውታ የቆመው መቼ እንደሆነ አላወቀም፤ ልብ ያለው ከቆመ ቆይቶ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሀዋ ወለደች። ወንድ ነው። ዘይነባ ጠርታው ሲገባ ሕፃኑ በደም እንደተለወሰ፣ ተቆጥቶ፣ ጡጫውን ጨብጦ ነበር። ሀዋ ወዟ ጠፍቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ፈገግ ብላለች። ደሟ ግን ገና አልቆመም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ጌጤነህ ልጁን አየና ያ ሁሉ ሳምንት ከትከሻው ላይ ሲወርድ ተሰማው። እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው ዘይነባ ፎጣ ስታቀብለው ነው።

ጎርፉ አመጣጡ እንደፈጠነ ሁሉ አካሄዱም ፈጠነ። ፀሐይ ስትጠልቅ የቀረው ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃና እስከ ወዲያኛው ዳር የተነጠፈ አዲስ አሸዋ ነበር። ፀጥታው ጆሮ ያማል። መኪናውን ከማስገባቱ በፊት ሥሩን በእግሩ ሊያጣራ ጌጤነህ ዱላ ቆረጠ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ እየወጋ እየወጋ ገባ። ሃያ እርምጃ ላይ ሲሚንቶው ተቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጎርፉ ቆፍሮ መልሶ በአሸዋ የሞላው ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ዱላው እስከ እጀታው ጠልቆ ሥር አላገኘም። አንገቱን አቀርቅሮ በዳሩ ዞረ። ወንዙ መሀል፣ ያ ነገር ቆሞበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ሲደርስ፣ ዱላው ጠንካራ ነገር መታ። ሲሚንቶ መሰለው። ደግሞ ሲመታው ግው አለ።

ጭቃውን በእግሩ ጠረገው። ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ቀጥሎ ዕቃ የሚጫንበት የፖርቶ መጋላ ብረት ወጣ፤ ብረቱ ላይ ነጠላ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ሰው ከልቡ እንዳሰረው ተቋጥሯል። ቋጠሮውን በዐይኑ ተከተለው። ነጠላው ጭቃው ሥር ይገባል፤ እዚያ ደግሞ የሰው ጀርባ፣ ትከሻና የተዘረጋ ቀኝ እጅ አለ።

ጌጤነህ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ሲያሳርፍ ከውስጥ በቡጢ የተመታ ቦታ ሁሉ ወደ ላይ አባብጦ ተሰማው፤ ውሃው ለሰውየው እስከ ጉልበቱ የሆነለት፣ ሰው በሞላበት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ቆሞ ስለነበር ነው።