ልጅ የሌላቸው ወደ በሩ

«ልጅ ያላችሁ ወደዚህ፣ ወደ ፀሐዩ። የሌላችሁ ወደ በሩ።»

ብራሂም ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ላይ አንስቶ ሴቶቹን በእጁ ይከፍላቸው ጀመር። አብዛኞቹን በስማቸው ያውቃቸዋል። ገና ጠዋት ነው፤ ሜዳው ግን መጋል ጀምሯል። ከሴቶቹ ኋላ ያለው ከተማ ከጀሶ የተሠራ ነው። ከፊት ሲያዩት ግንብ፣ ከጀርባው ደግሞ በእንጨት የተደገፈ ባዶ ነገር። አምና ኢየሩሳሌም ነበር፤ ከዚያ በፊት ሮም። ዘንድሮ ስም የለውም። ወንዙ ደርቆበታል፤ ሰዎቹም ጥለውት ሊሄዱ ነው። ልጅ ያላቸው ተራራውን አቋርጠው ይድናሉ፣ የሌላቸው በሩ ሥር ቁጭ ብለው ይቀራሉ። የፊልሙ ታሪክ ይኸው ነው።

ቱዳ ከአክስቷ ከኢጃ ጎን ቆማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ኢጃ የጎረቤታቸውን የርቂያን ልጅ፣ ስምንት ወር የሆነውን ኢዲርን አዝላለች። ብራሂም አያትና ምንም ሳይጠይቅ ወደ ፀሐዩ ጠቆማት።

በሞሮኮዋ የፊልም ከተማ በዋርዛዛት ፊልም ሲመጣ ሕፃን መዋዋስ የቆየ ነገር ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት ከሁሉ ቀድማ ትመረጣለች። ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤት ወንፊት እንደሚያውሰው ልጁንም ያውሳል፤ ማታ ሲመለስ ታጥቦና በልቶ ከሆነ የሚከፋው የለም። ኢጃ የሰፈሩን ልጆች ግማሹን በጀርባዋ ከጦርነት አሽሽታለች፣ ባሕር አሻግራለች፣ ከሚቃጠል ከተማ አውጥታለች። አንዳንዶቹ ዛሬ ጢም አብቅለው የሮም ወታደር ሆነው ይቀጠራሉ። ሲያገኟት ጋሻቸውን አስቀምጠው እጇን ይስማሉ።

ኢዲር ግን የውሰት ብቻ አልነበረም። እናቱ ርቂያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፤ ልጁን በየቀኑ የምትይዘው ኢጃ ነች። ርቂያ ለፊልሙ ስትፈቅድ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃለች። ከክፉ ዓይን ይጠብቀው ብላ አንገቱ ላይ ያሰረችው የጨው ቋጠሮ እንዳይፈታ፣ ከጆሮው ጀርባ የቀባችው ጥላሸትም እንዳይጠረግ። የልብስ ክፍሏ ልጅ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ስትቀርብ ኢጃ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ሁለቱ ቋንቋ ባይግባቡም ነገሩ የገባት ይመስላል፣ ቋጠሮውን ልብሱ ውስጥ ደበቀችና ሄደች።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው፣ ወይም የተስተካከለው፣ ዳይሬክተሩ ኢዲርን ያየ ጊዜ ነው።

ዳይሬክተሩ ረዥም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ሰው የማይቆጣ ፈረንጅ ነበር። በመስመሩ ሲያልፍ ኢዲር ፀጉራሙን ማይክ አይቶ፣ ድመት መስሎት ይሁን፣ ከሆዱ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ቆመ። ከዚያ ሕፃኑን አየ፣ ቱዳን አየ፣ እንደገና ሕፃኑን አየ። ለብራሂም የሚነግረው ብዙ ነበር፤ ብራሂም አሳጥሮ ተረጎመው። የፊልሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጃገረድ ሕፃን ታቅፋ ኮረብታው ላይ ትወጣለች፣ ሕፃኑን ወደ ፀሐይ ከፍ ታደርጋለች፣ ፊልሙም እዚያ ላይ ያልቃል። ልጃገረዷ ቱዳ ትሁን ብሏል።

የክፍል ጓደኛዋ ሳልካ ከኋላዋ ሆና ወገቧን ቆነጠጠቻት።

«በቃ፣ ፖስተር ላይ ልትለጠፊ ነው» አለቻት። «ከዚያ በኋላ ሰላም ትይናለሽ ወይስ በጠባቂ በኩል ነው?»

«አንቺን በጠባቂም አላናግርሽም» አለች ቱዳ፣ ግን ፊቷ አልታዘዝ ብሏት ይስቅ ነበር። ዋርዛዛት ውስጥ ፊልም ላይ ያልታየ ሰው የለም፤ ፊቱ ተለይቶ የታየ ሰው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ጀርባ ነው፣ ሁሉም አቧራ ውስጥ የሚሮጥ ነው። እሷ ግን ፊት ልትሆን ነው።

ዳይሬክተሩ ወደ ኢጃ ዞሮ የሕፃኑ እናት መሆኗን ጠየቀ። ብራሂም እዚህ ላይ ዝም ቢል ይችል ነበር። ነገር ግን የራሱ እናት ቤትና የኢጃ ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ የሚያውቀውን ሲጠየቅ መዋሸት አልሆነለትም። ልጁ የጎረቤት መሆኑን፣ ኢጃ አንድ ጊዜ አግብታ ባለመውለዷ ምክንያት እንደተፈታች፣ ከዚያ በኋላም ልጅ እንደሌላት ነገረው።

ዳይሬክተሩ የኢጃን ፊት ለረጅም ጊዜ አየና አንድ ነገር ተናገረ። ብራሂም ቀኑን ሙሉ ሲተረጉም የሚውል ሰው ነው፤ ቃላቱ ሳያስባቸው ወጡ።

«ማንም የሌለው ሰው ፊት አላት ይላል። በሩ ሥር የምትቀረው እሷ ትሁን። የቀራትን ውሃ ለልጅቷ ትሰጥና እዚያው ትሞታለች።»

ቱዳ እጅ በሚደርስበት ቦታ ላይ ቆማ ነበር። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው ኢጃ ቤት ነው። የወለደቻት እናቷ አጋዲር ውስጥ ሰርዲን ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሌላ ባል አግብታለች፤ ለኢድ ስትመጣ በአንድ ቁጥር የሚያንስ ጫማ ይዛ ትመጣለች። ቱዳን ትኩሳት ሲይዛት ጨርቅ ያነከረችላት፣ አስተማሪ ሲጠራ ትምህርት ቤት የሄደችው፣ ፀጉሯን ስትሠራ የምትቆጣት ኢጃ ነች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቱዳ አልተናገረችም። አሁን ብናገር ሐሳቡን ይቀይራል ብላ ፈራች።

ኢጃ ግን የተከፋች አትመስልም። አላህ ያልሰጣትን ነገር ቆጥራ አታውቅም፤ ወይም ብትቆጥርም ለሰው አታሰማም። ኢዲርን ከጀርባዋ አውርዳ ለቱዳ ሰጠቻትና በሩ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ከቀረጻው በፊት ዳይሬክተሩ ቱዳን አጠገቡ ጠርቶ በትዕግሥት አስረዳት። ውሃውን ከሴትየዋ ተቀበዪ፣ አትቁሚ፣ ሂጂ። ብራሂም የመጨረሻውን ነገር ሲተረጉም ትንሽ ተቸገረ።

«ወደ ኋላ እንዳታዪ ይላል። አንቺ ነገ ነሽ፤ ነገ ወደ ኋላ አያይም ይላል።» ላቡን ጠረገ። «ነገ ነሽ ማለቱ ምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ብቻ ወደ ኋላ እንዳታዪ።»

በመጀመሪያው ቀረጻ ቱዳ አላየችም። የውሃውን ስልቻ ከኢጃ ተቀብላ እንደታዘዘችው ሄደች። ኢዲር ግን በትከሻዋ በኩል ኢጃ እያነሰች እያነሰች ስትሄድ አየ፤ ሁለት እጆቹን ዘረጋና አገር ይሰማ ብሎ አለቀሰ። አቁሙ ተባለ። ሕፃኑ ፈገግ ማለት አለበት፣ ቢያንስ ዝም ማለት አለበት አሉ። ብስኩት መጣ፣ የሚንጫጫ አሻንጉሊት መጣ። ኢዲር አሻንጉሊቱን አይቶ ባሰበት። ከዚያም ቱዳ ልብስ ላይ ሸናና ሌላ ልብስ እስኪመጣ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ።

በመጨረሻ ኢጃን ከበሩ ጠሯት። መጣች፣ ሕፃኑን ተቀበለችው፣ ከአንገቱ ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ አለችበትና ጆሮው ላይ አንድ ነገር አጉረመረመች። ኢዲር ተንፈቅፍቆ ዝም አለ። ካሜራ የያዙት ሰዎች በደስታ ሳቁ፤ አንዱማ አጨበጨበ። ኢጃ ልጁን መለሰችና፣ ማንም የሌላትን ሴት ልትሆን፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ነገሩ ለማንም እንግዳ አልመሰለውም።

ለቱዳ ግን እንግዳ መሰላት። ቤት ውስጥ ከኢጃ ጋር ቴሌቪዥን ሲያዩ የሚሆነው ነገር ትዝ አላት። ፊልሙ ላይ ዓለም ይፈርሳል፣ ሰው ያልቃል፣ ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ ሕፃን በሕይወት ይወጣል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ሰዎቹ ያለቅሳሉ፣ ያበቃል። ኢጃ ሽንኩርት እየላጠች፣ «አሁን ይኼን ልጅ ማን ሊያበላው ነው?» ትላለች። ቱዳ ሁልጊዜ ትስቅባት ነበር። እንዲህ ባሉ ፊልሞች ውስጥ ልጅ የሌላት ሴት ምን እንደምትሆን ለማስታወስ ሞከረች። ወይ ክፉ ነበረች፣ ወይ ያላትን ሰጥታ ትሞት ነበር። ሌላ አልመጣላትም።

ለሁለተኛው ቀረጻ ኢዲርን ፊቱን ወደ ፊት አዙረው አስታቀፏት። በሩ ሥር ስትደርስ ኢጃ በተሰነጣጠቁ እጆቿ ስልቻውን ዘረጋችላት። ካሜራው ቅርብ ነበር። ኢጃ አንገቷን እንደደፋች፣ ለሞት እንደተቃረበ ሰው እየተንቀጠቀጠች፣ ለቱዳ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ሻሽሽን ወደ ፊት ሳቢው፣ ፀሐይ ይመታሻል» አለቻት።

ቱዳ ሄደች። የኮረብታው ግርጌ ላይ እስክትደርስ በደንብ ሄደች። እዚያ ቆመችና ዞረች።

አቁሙ ተባለ። ብራሂም እያለከለከ ሮጦ መጣ።

«ምን ሆንሽ? ጥሩ ነበርሽ እኮ።»

«ብራሂም፣ ንገረው። ልጅ አላት።»

«ማን?»

«አክስቴ ኢጃ። እኔ አለሁላት። ጠዋት ስትነግረው እዚያው ነበርኩ፣ ዝም አልኩ።»

ብራሂም ጫማውን አየ። «እሱማ አለሽላት» አለ ቀስ ብሎ። «ሰፈሩ ያውቃል። እሱ የጠየቀኝ የወለደች እንደሆን ነው።»

«ንገረው።»

ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ በጣም ልብ የሚነካ ነው አለ። ግን በፊልሙ ውስጥ ሴትየዋ ማንም የላትም። ሰው ቢኖራት ኖሮ ጥለዋት አይሄዱም ነበር፣ ካልሄዱ ደግሞ ታሪክ አይኖርም። ይህን ሁሉ የተናገረው ረጋ ብሎ ነው። ቢቆጣ ለቱዳ ይቀላት ነበር። ፀሐዩ ሊወርድ ስለሆነ የቀረው አንድ ቀረጻ ብቻ ነው፣ አሁንም ዞራ የምታይ ከሆነ ሕፃኑን ሌላ ልጅ ትያዘው አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«ሰማሽ?» አላት ብራሂም። «ፊልም ነው ቱዳ። ኢጃ ማታ ቤቷ ትገባለች፣ አንቺም ትገቢያለሽ። ማንም ማንንም አልተወም።»

እውነቱን ነው፤ ቱዳም ታውቀዋለች። ኮረብታውን ቀና ብላ አየችው። ጫፉ ላይ ብርሃኑ እንደ ማር ሆኗል። እዚያ ላይ የምትቆም ልጅ ፊቷ እንዴት እንደሚታይ መገመት አያዳግትም። ከዚያ ዓይኗን መልሳ የሚጠብቁትን ሰዎች ፈለገችና ሳልካን አገኘቻት።

«ነይ ያዢው» አለቻት።

ሳልካ ቀልድ መስሏት ቆየች። ሲገባት ቀስ ብላ ቀረበች። «እብድ ነሽ? ፖስተር እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ሲያለቅስብሽ ከአንገቱ ሥር እፍ በዪበት። አሻንጉሊቱን እንዳታሳዪው። ጨውም እንዳይፈታ።»

ሳልካ ኢዲርን ተቀበለች። ዓይኗ ላይ ደስታም ፍርሃትም ነበር። የልብስ ክፍሏ ልጅ መጥታ ሻሹን ከቱዳ ራስ አወለቀችና ለሳልካ አሰረችላት።

ቱዳ ሜዳውን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች። ብራሂም ከሩቅ ሊጠራት ድምፅ ማጉያውን አነሳ፣ ከዚያ ምን እንዳሰበ አይታወቅም፣ መልሶ አወረደው። በሩ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ሁለቱ ተጠጋጉላት። ኢጃ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለቻት። «ተመለሺ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ አይመጣም።»

ቱዳ ተቀመጠች። ኢጃ ቁጣዋ እስኪያልፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። ኋላ የራሷን ሻሽ ፈትታ ግማሹን በቱዳ ትከሻ ላይ ጣለችው።

ሰዎች «ዝግጁ» እየተባባሉ ተጣሩ። ከሜዳው ማዶ ልጅ ያላቸው ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ሳልካ ከፊታቸው ናት። ካሜራው ወደ በሩ ዞረ። ኢጃ አንገቷን ደፋች። ብዙ ጊዜ የሠራ ሰው ነችና ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ መናገር ትችላለች።

«ነገ ፈተና አለሽ አይደል?»

«የሒሳብ» አለች ቱዳ፣ እሷም ላለመንቀሳቀስ እየሞከረች።

«አጥንተሻል?»

«ትንሽ።»

«ቤት ስንገባ ከእራት በፊት ትቀመጪያለሽ፤ እኔም አጠገብሽ እቀመጣለሁ። አሁን ዝም በዪ፣ እየሞትን ነው።»